የደፈንኳቸው ስድስት ቀዳዳዎች

በ2017 ዓ.ም. የካቲት መጀመሪያ ላይ፣ በእናቴ ሳሎን ያለውን ቡፌ ከወንድሜ ጋር አንሥተን ከግድግዳው ስናርቀው፣ ከፊት በኩል ካለው ቀኝ እግሩ ሥር የታጠፈ ካርቶን ወለሉ ላይ ቀረ። ጎንበስ ብዬ ሳነሣው አንድ ካርቶን ብቻ አልነበረም። ከላይ የእናቴ የደም ግፊት መድኃኒት ማሸጊያ፣ ከእሱ ሥር የመኮሮኒ ካርቶን፣ ቀጥሎ ብዙ ጊዜ የታጠፈ የ2003 ዓ.ም. የቀን መቁጠሪያ፣ ከሁሉም በታች ደግሞ የተጨፈለቀ የክብሪት ቀፎ ነበረ። ተደምረው ሁለት ጣት ይወፍራሉ። እናቴ ወለሉ ዝቅ ባለ ቁጥር አንድ ንጣፍ እየጨመረች፣ ቡፌው ቀጥ ብሎ እንዲቆም ስታደርግ ከዐሥር ዓመት በላይ ኖራለች ማለት ነው። እኔ በየሳምንቱ እሑድ እዚያ ቤት ቡና እጠጣለሁ፤ አንድም ቀን አላየሁትም።

ቡፌውን እንድናነሣ ያደረገን የመሬት መንቀጥቀጡ ነበር። በዚያ ዓመት ታኅሣሥና ጥር በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ተደጋግሞ የተነሣው መንቀጥቀጥ አዳማም ድረስ ይሰማ ስለነበር፣ ሌሊት የቡፌው ብርጭቆዎች እርስ በርስ እየተነካኩ ሲንጫጩ እናቴ ጋቢዋን ደርባ በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ ያነጋችባቸው ጊዜያት አሉ። ከዚያ በኋላ በመስኮቱ በኩል ሲራመዱ ወለሉ ከእግር ጋር ወደ ታች እንደሚሄድ፣ እግር ሲነሣለት ደግሞ ተመልሶ እንደሚነሣ ልብ አልን። ጎረቤቱ ሁሉ «መንቀጥቀጡ ነው» አለ፤ እኛም አመንን። ማመኑ ቀላል ነበር፤ ጥፋቱ ከምድር ሆድ የመጣ ከሆነ ከቤቱ ሰው የሚጠየቅ የለምና።

ቤቱን አባቴ ያሠራው በ1958 ዓ.ም. ነው። አሮጌው ባቡር ጣቢያ አካባቢ እንዳሉት ብዙ የዚያ ዘመን ቤቶች መሠረቱ ድንጋይ፣ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ደግሞ ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተነጠፈ ጣውላ ነው። ልጆች ሳለን ቅዳሜ ቅዳሜ ሰም እንቀባውና በአሮጌ ብርድ ልብስ ቁራጭ እያሸን እናበራዋለን፤ ታናሽ ወንድሜን ብርድ ልብሱ ላይ አስቀምጠን ስንጎትተው የበለጠ ያበራል። ከዚያ ጣውላ ሥር ምን እንዳለ ግን ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ አይቼ አላውቅም ነበር።

አዲስ ስንጥቅ ንጹሕ ነው

የጠራናቸው አናጢ ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ፣ ከረዳታቸው ጋር በኦሮምኛ ከእኛ ጋር በአማርኛ የሚነጋገሩ፣ ቃል የማያበዙ ሰው ናቸው። ሳሎኑ ውስጥ ሲገቡ እንደ እኛ መሀሉን አልረገጡም። ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ዞሩና በየማዕዘኑ ቆም እያሉ በተረከዛቸው መታ መታ አደረጉ። ከዚያ ውሃ የሚያሳይ ረዥም የላስቲክ ቱቦ አስመጥተው ውሃ ሞሉበት። አንዱን ጫፍ ረዳታቸው በር ላይ ያዘ፣ ሌላውን እሳቸው ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ይዘው እየሄዱ ውሃው ጸጥ ባለበት ቦታ ግድግዳው ላይ በእርሳስ አሰመሩ። ቱቦ ውስጥ ያለ ውሃ ሁለቱም ጫፍ ላይ እኩል ከፍታ ይዞ ስለሚቆም፣ ወለሉ ቢያታልል እንኳ መስመሩ አያታልልም። ከመስመሩ እስከ ወለሉ በሜትር ሲለኩ በሩ ላይ 100 ሴንቲ ሜትር፣ በመስኮቱ በኩል ባለው ማዕዘን ደግሞ 105 ሴንቲ ከግማሽ ሆነ። በአራት ሜትር ስፋት ውስጥ 5 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ወርዷል።

«ጋሼ፣ መንቀጥቀጡ ነው አይደል?» አልኳቸው። መልስ ሳይሰጡኝ ማዕዘኑ ላይ ተንበረከኩ። እዚያ ዞኮሎው ከወለሉ ተላቆ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ፈጥሯል። በካቻቢቴያቸው ጫፍ ክፍተቱን ጎርጎር ሲያደርጉ ጥቁር፣ ደረቅና ንብርብር የሆነ ነገር ወጣ፤ መዳፋቸው ላይ አድርገው አሳዩኝ። ሰም ነው፤ አቧራ እየያዘ የጠቆረ፣ በላዩ ላይ ደግሞ ሌላ ሰም የተቀባበት።

«ልጄ፣ አዲስ ስንጥቅ ንጹሕ ነው» አሉኝ። «የዛሬ ወር የተከፈተ ቢሆን ውስጡ ነጭ እንጨት ባየሽ ነበር። ይህ ግን ስንት ዓመት ሰም ሲጠጣ የኖረ ነው።»

መንቀጥቀጡ የሠራው ነገር ቢኖር ለብዙ ዓመት የተዳከመውን ነገር እንድናይ ማድረግ ብቻ ነበር። የቀን መቁጠሪያው ዓመተ ምሕረት አስቀድሞ ይህንኑ ነግሮኝ ነበር፤ አልሰማሁትም እንጂ። እናቴን ለምን ዝም እንዳለች ስጠይቃት፣ «ያረጀ ቤት አይደለም እንዴ? ወለል ዝቅ አለ ብዬ ለእናንተ ወጪ ልሁን?» አለችኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ የእናቶቻችን ቤት ግን በዚህ ዓይነት የተደበቀ በሽታ የተሞላ ይመስለኛል። የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ሳፋ ይቀመጣል፣ የማይዘጋ በር በጨርቅ ይወተፋል፣ የወረደ ወለል ላይ ምንጣፍ ይነጠፋል። ሁሉም ልጅ ወጪ እንዳያወጣ ነው፤ ወጪው ግን እየተጠራቀመ ይጠብቃል።

«ባትሪውን አጥፋው»

ሥራው የካቲት 24 ቀን፣ ሰኞ ተጀመረ። የጾሙ ሁለተኛ ሳምንት ነበር፤ እናቴ ለፋሲካ ቤቷ እንደሚደርስላት ቃል አስገብታን ለጊዜው ወደ እኔ ቤት መጣች። አናጢው ጣውላዎቹን ከማዕዘኑ ጀምረው አንድ በአንድ ሲያነሡ ረዳታቸው በየጀርባቸው ላይ በጠመኔ ቁጥር እየጻፈ በረንዳው ላይ ደረደራቸው። ስድስተኛው ጣውላ ሲነሣ ከሥር የወጣውን ሽታ እስካሁን አልረሳሁትም፤ ክረምቱን ሙሉ ሳይከፈት የከረመ የእህል ጎተራ ሲከፈት የሚሸት ዓይነት፣ እርጥብ፣ ሙቅና የሚያፍን ነው። የካቲት ነበር። አዳማ ላይ ዝናብ ከጠፋ ወራት አልፈዋል፤ ግቢው ውስጥ አፈሩ እንደ ዱቄት ይበን ነበር። ከእናቴ ወለል ሥር ያለው መሬት ግን ጣት ሲነካው ጣት ላይ ይቀር ነበር።

አናጢው ወደ ታች ወርደው በደረታቸው ተኙና ካቻቢቴውን ይዘው እንጨቱን እየወጉ ሄዱ። ከጣውላው ሥር ሞራሌ አለ፤ ከሞራሌው ሥር ወፍራም የጽድ አግዳሚ፣ ከአግዳሚው ሥር ደግሞ ከድንጋይ የተካበ አጭር ምሰሶ። ጤነኛ እንጨት ሲወጋ ካቻቢቴውን ይመልሳል፤ ድምፁም ደረቅ ነው። የበሰበሰው ግን ድምፅ ሳያሰማ እስከ እጀታው ይውጠዋል። እኔ ከላይ ሆኜ ድምፁን እሰማ ነበር፦ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ከዚያ ዝምታ። ዝምታ የሰማሁባቸውን ቆጠርኩ። ከ11ዱ ሞራሌ 5ቱ፣ ከ4ቱ አግዳሚ ደግሞ አንዱ፣ እሱም በመስኮቱ በኩል ግድግዳው ውስጥ የገባው ጫፉ ነበር። በድንጋይ ምሰሶዎቹ ላይ የእርሳስ ውፍረት ያላቸው የአፈር መስመሮች ከመሬት ተነሥተው እስከ እንጨቱ ይወጣሉ፤ ምስጥ ብርሃንና ደረቅ አየር ስለማይወድ ለራሱ የሚሠራው የተሸፈነ መንገድ ነው።

ከዚያ ያላሰብኩት ነገር ሆነ። አናጢው ረዳታቸውን «ባትሪውን አጥፋው» አሉት። ባትሪው ጠፋ። ጨለማ ውስጥ ተኝተው ጥቂት ቆዩና ከሥር ሆነው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ እነዚህ ቤቶች ሲሠሩ ዙሪያቸውን ቀዳዳ ይተውላቸዋል። ባትሪ ሲጠፋ እዚህ ውስጥ ብርሃን በየአቅጣጫው ይገባ ነበር። የዚህ ቤት ብርሃን የት ሄደ?»

መልሱን አውቀው ነበር። ጥያቄው ሳያልቅ አውቄዋለሁ።

በ1996 ዓ.ም. ሥራ በያዝኩ በሁለተኛው ዓመት፣ አባቴ ካረፈ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ካጠራቀምኩት ደመወዝ ለእናቴ የመጀመሪያውን ትልቅ ነገር ሠራሁላት። ግቢው በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ስለነበር ከቤቱ ዙሪያ እስከ በሩ ሊሾ አስደረግኩት። የቤቱን ግርጌም አስለሰንኩት። ግንበኛው መሠረቱ ላይ ያሉትን መዳፍ የሚያስገቡ ክፍት ቦታዎች እያሳየ «እነዚህን ምን ላድርጋቸው?» ሲለኝ፣ አይጥ የሚገባው በዚያ ነው ብዬ «ድፈናቸው» አልኩት። ስድስት ነበሩ። ለእያንዳንዱ አንድ ጡብና አንድ መለሰኛ ሲሚንቶ በቃው። ሥራው ሲያልቅ ግቢው አበራ፤ እናቴ መርቃኝ አልጠገበችም። አይጡም ጠፋ።

ረዳቱ ከውስጥ በኩል ቀዳዳዎቹን ፈልጎ ባትሪውን ሲያበራባቸው እኔም ወርጄ አየሁ። ከጡቦቹ ጎን ሲሚንቶው ወደ ውስጥ አብጦ ደርቋል፤ አንዱ ላይ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ቁራጭ እንደተጣበቀ ቀርቶ፣ ከላዩ ላይ ነጭ ሻጋታ ጥጥ መስሎ በቅሏል። ያንን ቀን ማታ ለእናቴ ስነግራት ትንሽ ዝም አለችና «አባትሽ በየሰኔው በሽቦ ይጎረጉራቸው ነበር» አለች። «ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም።»

ነፋስ በሞላበት ከተማ

አዳማ ነፋሻ ከተማ ናት። ከከተማዋ ዙሪያ ባሉት ኮረብቶች ላይ የቆሙት የነፋስ ማመንጫዎች ይህንን ለማንም ይመሰክራሉ፤ የመጀመሪያው ጣቢያ 34፣ ሁለተኛው 102 ተርባይኖች አሏቸው፤ በአንድነት 204 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ የተተከሉ ናቸው። በዚያ ሳምንት ከግቢው ሆኜ ወደ ኮረብታው ስመለከት የሚዞሩትን ክንፎች እያየሁ፣ መብራት የሚያመነጭ ነፋስ በደጁ የሚያልፍ ቤት እንዴት ከሥሩ አየር አጥቶ እንደበሰበሰ ማሰብ አስጨነቀኝ። አባቴ የተወለት መግቢያ ስድስት መዳፍ ብቻ ነበር፤ በቂም ነበር። እኔ ዘጋሁት።

እንጨት በዕድሜ ብቻ አይበሰብስም። ይህንን ቀድሞ ባውቅ ኖሮ «ያረጀ ቤት ነው» የሚለውን የእናቴን ቃል ያን ያህል ዓመት አልቀበለውም ነበር። የሚያበሰብሰው ሻጋታ ለመኖር ውሃ ይፈልጋል፤ እንጨቱ የያዘው እርጥበት ከክብደቱ 20 በመቶ በታች ሆኖ እስከቆየ ድረስ ሥራውን መሥራት አይችልም። ምስጡም እንዲሁ ነው፤ ከመሬት እርጥበት ካላገኘ መንገዱን ሠርቶ ወደ ላይ አይወጣም። ስለዚህ ወለል ወረደ ሲባል መጀመሪያ የሚጠየቀው የእንጨቱ ዕድሜ መሆን የለበትም፤ ውሃው ከየት እንደሚገባና በየት እንደሚወጣ ነው።

ውሃው የገባው በሁለት በኩል ነበር፤ ሁለቱም የእኔ ስጦታ አካል ናቸው። አዳማ በኮረብቶች መካከል እንደ ገበቴ ዝቅ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚወርደው ዝናብ ከየአቅጣጫው ወደ ውስጥ ይፈስሳል፤ መሬቷም አብዛኛው ከጥንት እሳተ ገሞራ የተረፈ ልል አፈር ስለሆነ ውሃ በቶሎ ያሰርጋል። ድሮ የእኛ ግቢ አፈር እያለ ውሃው ወደ ጎዳናው ያዘነብል ነበር። ሊሾው ሲፈስስ ግን ከበፊቱ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ለዓይን በማይታይ ሁኔታ ወደ ቤቱ አዘነበለ። አናጢው አንድ ጆግ ውሃ ሊሾው ላይ ሲያፈስሱ ውሃው ተሰብስቦ ቀጥ ብሎ ወደ መስኮቱ ሥር ሄደ። ሁለተኛው መግቢያ ቧንቧው ነበር። እናቴ ልብስ የምታጥብበትን ቧንቧ ከአጥሩ ሥር አንሥቼ እንዲቀርባት ብዬ መስኮቱ ሥር ያስተከልኩት እኔው ነኝ።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል። ከልብስ ማጠቢያ የተረፈ አንድ ባልዲ፣ ከጣሪያ የሚወርድ ጠፈጠፍ፣ በሊሾው ላይ የሚንሸራተት ቀጭን ፈሳሽ፣ አንዱም ለብቻው ቤት አይጥልም። ቀዳዳዎቹ ክፍት በነበሩበት ጊዜ በክረምት የገባውን እርጥበት የመስከረምና የጥቅምት ነፋስ ጠርጎ ያወጣው ነበር። ከተደፈኑ በኋላ ግን እርጥበቱ መውጫ ስላጣ ከመሬት እየተነሣ ጣውላው ሥር ይጠለላል፤ ያ ሳይደርቅ ሌላ ክረምት ይመጣል። ሃያ አንድ ክረምት በዚህ ሁኔታ አለፈ። ጽዱ በተፈጥሮው ምስጥ የሚመክት እንጨት ስለሆነ ከአንዱ ጫፍ በቀር ችሎት ኖረ። ሞራሌዎቹ ግን ባሕር ዛፍ ነበሩ። አንዱን ከመካከል ስንሰብረው ላዩ እንደ ወረቀት የሳሳ ቅርፊት፣ ውስጡ የአፈር ጎሬ ሆኖ አገኘነው፤ ከላይ የእናቴ ቡፌ ያረፈበት እሱ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለረዥም ጊዜ ያብሰለሰለኝ ጥፋቱ ብቻ አይደለም። ቀዳዳዎቹን ስደፍን ምን እንደሚሠሩ አልጠየቅሁም። ለምን ተተዉ ብዬ ባለመጠየቄ የአባቴን ሥራ እንደ ጉድለት ቆጠርኩት፤ ሳይጨርሰው የተወው ነገር መስሎኝ ጨረስኩለት። ቤት የሠራ ሰው ሳይነግረን ሲሞት ምክንያቶቹን ይዟቸው ይሄዳል፤ የሚቀሩልን ቀዳዳዎቹ፣ ያለ ቦታቸው የቆሙ የሚመስሉ ድንጋዮችና ያለ ምክንያት የተንጋደደ የሚመስል የጣሪያ ጠርዝ ናቸው። አሁን የማንንም አሮጌ ቤት ግርጌ ሳይ ዓይኔ የሚሄደው ወደዚያ ነው። በእኛ መንደር ብቻ በሲሚንቶ የተደፈነባቸውን ስምንት ቤቶች ቆጥሬአለሁ፤ የሁለቱን ባለቤቶች በር አንኳኩቼ ነግሬአቸዋለሁ።

በቀን 3 ሚሊ ሜትር

ወንድሜ ሌላ ሐሳብ ነበረው። ጣውላው በሙሉ ተነሥቶ ክፍት ቦታው በቀይ አሸዋና በድንጋይ ተሞልቶ፣ ኮንክሪት ተደርጎበት ሴራሚክ ይነጠፍ አለ። ሐሳቡ የእሱ ብቻ አይደለም፤ በከተማችን ብዙ የጣውላ ወለል የጠፋው በዚህ መንገድ ነው፣ በድንጋይ ወይም በብሎኬት ለተሠራ ቤትም ሊያስኬድ ይችላል። ለጭቃ ቤት ግን ይህ አደገኛ መስሎ ይታየኛል። የግድግዳው እንጨቶች እግራቸው ያረፈው ድንጋዩ መሠረት ላይ፣ ከአፈር ርቀው ነው። ውስጡ እስከ ወለሉ ከፍታ በአፈርና በኮንክሪት ከተሞላ የእንጨቶቹ እግር እርጥብ ሙሌት ውስጥ ይቀበራል፤ ምስጡም የተሸፈነ መንገድ መሥራት ሳያስፈልገው ቀጥታ ይገባል። ወለሉን አድነን ግድግዳውን እናጣለን ማለት ነው። አናጢው ይህንን ለወንድሜ ያስረዱት ከግድግዳው እንጨቶች የአንዱን እግር በካቻቢቴ እየወጉ ነበር፤ ጠቅ ሲል ወንድሜ ሰማ። ከዚያ በኋላ ስለ ሴራሚክ አላነሣም።

የወረደውን ወለል ወደ ላይ ማንሣት ወዲያው አልጀመርንም። ቀዳዳዎቹን በመሮና በመዶሻ ከፈትን፣ በየአፋቸው ላይ አይጥ እንዳያስገባ ጠንካራ የሽቦ ወንፊት ገጠምን። መስኮቱ ሥር ያለውን ሊሾ አፍርሰን ተዳፋቱን ወደ ጎዳናው መለስን፣ ቧንቧውን ወደ አጥሩ አዛወርነው። ለበሰበሰው ቦታ መተኪያ የሚሆኑ አራት የኮንክሪት መቀመጫዎች፣ እያንዳንዳቸው 40 በ40 ሴንቲ ሜትር፣ አፈሩ እስከሚጠነክርበት ድረስ ተቆፍሮ ተሞሉ፤ አንድ ሳምንት ውሃ እየጠጡ ደረቁ። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት የተከፈተው ወለል ሥር ያለው መሬት ቀለሙ ሲለወጥ በየማታው አይ ነበር፤ ከጥቁር ወደ ቡናማ፣ ከቡናማ ወደ ግራጫ። ሽታው የጠፋው በዘጠነኛው ቀን ነው።

ማንሣቱ የተጀመረው መጋቢት 8 ነው። ከጋራዥ ሁለት የጭነት መኪና ክሪክ ተከራየን። ክሪኮቹ መቀመጫዎቹ ላይ ቆሙ፣ በላያቸው ወፍራም ጣውላ ተደረገ፣ አናጢው አግዳሚው ላይ አስጠጉና የክሪኩን እጀታ ጥቂት ጊዜ ብቻ ረገጡ። ከዚያ ተነሥተው እጃቸውን አራገፉ።

«ለዛሬ ይበቃል።»

በሜትር ስለካው 3 ሚሊ ሜትር ነበር። 55 ሚሊ ሜትር ማንሣት አለብን፤ ሁለቱ ክሪኮች ደግሞ ቤቱን ሙሉ ለማንሣት አቅም ነበራቸው። ፋሲካ እየቀረበ ነው። «ጋሼ፣ ትንሽ ብንጨምርስ?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ ሃያ ዓመት የወረደ ነገር በአንድ ቀን ሲነሣ ግድግዳው እንደሚሰነጠቅ፣ የበሩ ጉበን እንደሚጣመም፣ ሚስማሩ ከእንጨቱ እንደሚነቀል አስረዱኝ። ወለሉ ሲወርድ ቤቱ አብሮት እየተስማማ ወርዷል፤ ሲነሣም እንዲስማማ ጊዜ ይፈልጋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለውን አባባል በቃል ደረጃ ሳውቀው ኖሬአለሁ። በዚያ መጋቢት ግን በየጠዋቱ ከሥራ በፊት እየሄድኩ 3 ሚሊ ሜትር ሲነሣ፣ ከዚያ የእንጨቱን ጭርጭርታ ቆመን ስናዳምጥና ጸጥ ሲል ሥራው ለዕለቱ ሲያበቃ፣ ትዕግሥት በመለኪያ የሚለካ ነገር ሆኖ አየሁት።

በስምንተኛው ማንሣት ከመስኮቱ በላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ወጣች። አናጢው ጫፎቿ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርገው ሦስት ቀን ሥራ አቆሙ። ስንጥቋ ከምልክቶቹ አላለፈችም፤ ቀጠልን። 15ኛው ማንሣት ሚያዝያ 1 ሲሆን፣ ማዕዘኑ ከበሩ ጋር ሲነጻጸር 1 ሴንቲ ሜትር ይቀረው ነበር። አናጢው እዚያ ላይ አቆሙ። ግድግዳው ራሱ በዚያ ማዕዘን ከወለሉ ጋር ትንሽ ወርዷል፤ የቀረውን ለማንሣት መሞከር ግድግዳውን ከመሠረቱ ማላቀቅ ይሆናል አሉ። በመጀመሪያ ቅር አለኝ፤ ያን ሁሉ ደክመን ለምን አንጨርሰውም አልኩ። አሁን ሳስበው ግን፣ የት ማቆም እንዳለበት የሚያውቅ ባለሙያ ማግኘታችን ከሥራው ሁሉ ትልቁ ዕድላችን ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው በፍጥነት ሄደ። አዳዲሶቹ ምሰሶዎች ክሪኮቹን ተክተው ቆሙ። በድንጋዩና በእንጨቱ መካከል ጠርዙ ወደ ታች የታጠፈ ላሜራ ገባ፤ ምስጥ ቢወጣ እንኳ መንገዱን በላሜራው ዙሪያ ለመሥራት ወደ ብርሃን መውጣት ስላለበት በዓይን ይታያል። የበሰበሰው የአግዳሚው ጫፍ ተቆርጦ ጤነኛው ክፍል አዲስ ምሰሶ ላይ አረፈ። የተበሉት ሞራሌዎች በደረቀ ባሕር ዛፍ ተተኩ፤ የጸረ ምስጥ መድኃኒትም ተቀቡ። ጎረቤት የተቃጠለ የሞተር ዘይት እንድንቀባ መክሮን ነበር፤ ግን ዘይቱ ከላይ ይቀራል እንጂ ወደ እንጨቱ ልብ ብዙም አይዘልቅም፣ ሽታው ደግሞ እናቴ ከምትተኛበት ክፍል አጠገብ ዓመት ይቆያል። ጣውላዎቹ በጠመኔ ቁጥራቸው መሠረት ወደየቦታቸው ተመለሱ፤ ሦስቱ ብቻ ተለወጡ። ሚያዝያ 9 ቀን ሰም ተቀባ።

ለፋሲካ ቡፌው ወደ ቦታው ሲመለስ፣ ቀኝ እግሩ ትንሽ አየር ላይ ቀረ። ያችው አንዲት ሴንቲ ሜትር ናት። እናቴ ወደ ጓዳ ገብታ የመድኃኒቷን ማሸጊያ ይዛ መጣች፣ አንድ ጊዜ ብቻ አጠፈችና ራሷ ተንበርክካ ከሥሩ አስገባችው። «ይኼ ይበቃዋል» አለች።

በሰኔ ሽቦ ይዤ ሄድኩ። ስድስቱን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ጎረጎርኳቸው፤ ከአንዱ ቅጠል፣ ከሌላው የሸረሪት ድር ወጣ። እናቴ ከበረንዳው ሆና ስታየኝ ቆየችና፣ መኝታ ቤቷ ውስጥ በአልጋዋ እግር በኩልም ወለሉ ዝቅ እንደሚል፣ መውረድ የጀመረው ከሳሎኑ በኋላ እንደሆነ ነገረችኝ። አናጢው ለጥር ቀጠሮ ይዘውልናል። እስከዚያ አልጋውን ወደ ሌላኛው ግድግዳ አዛውረነዋል፤ ከእግሩ ሥር ምንም አልተነጠፈም።